ዶሮ ብታልም ጥሬዋን፦ ከበቆሎው ሒሳብ ጀርባ ያለው ታሪክ

አምና በሐምሌ ወር የዶሮ እርባታ ቡድናችን መዝገብ ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ። «ከበቆሎ ግዢ የተገኘ ቁጠባ» ይላል። ከገበያው በጣም የወረደ ዋጋ ያለው በቆሎ ተገኝቶ ስድስት ኩንታል ገዛን፤ ለአሥራ አራት አባላትም አከፋፈልን። ደረሰኙን ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። በቆሎውንም በዓይኔ አይቼዋለሁ። እጄን ጆንያው ውስጥ ሳስገባ ሞቅ አለኝ፤ ሽታው የተዘጋ ቤት ሽታ ነበር። ክረምት ነው፣ እርጥበት አይጠፋም ብዬ አለፍኩት።

በሦስተኛው ሳምንት እንቁላል ቀነሰ። ነሐሴ ሲጋመስ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ጥግ መያዝ ጀመሩ፤ ከዚያም መሞት። ሁላችንም በአንድ አፍ «ፈንግል ነው» አልን። ክረምት ሲገባ ፈንግል ሠፈር ማጥፋቱን ከልጅነታችን የምናውቀው ነውና። ነገር ግን ዶሮዎቹ ተከትበው ነበር፤ የክትባቱን ወጪ የመዘገብኩትም እኔው ነኝ። የመጣልን ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከሞቱት አንዷን ከፍቶ ጉበቷን አሳየን። ጥቁር ቀይ መሆን የነበረበት ጉበት ገርጥቶ፣ ወደ ቢጫ አድልቶ፣ አብጦ ነበር። «ምንድን ነው የምታበሏቸው?» አለ። ጆንያውን አመጣንለት። በቆሎውን ሰብሮ አሸተተና ምንም ሳይናገር መልሶ ሰጠኝ።

ሰላሳ አንድ ዶሮ ሞተ። አብዛኞቹ የተገዙት ከማኅበራችን በተወሰደ ብድር ነው። ስለ ገንዘቡ በሪፖርቱ ላይ አቅርቤያለሁ፤ እዚህ አልደግመውም። እዚህ መጻፍ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጥቼ ያነበብኩትን ነው። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እንላለን፤ ያ ጥሬ ምን ሊያደርጋት እንደሚችል ግን የሰው ልጅ ያወቀው ብዙ ዶሮ ከሞተ በኋላ ነው።

ነገሩ እንግሊዝ አገር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1960፣ በእኛ በ1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ተርኪ የሚባለው ፈረንጆች ለገና የሚያርዱት ትልቅ ወፍ በብዛት ይሞት ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ የተርኪ ጫጩቶች አለቁ። ዳክዬዎችም ተከተሉ። ሐኪሞቹ እንደኛው መጀመሪያ የጠረጠሩት ተላላፊ በሽታ ነው፤ ቫይረስ መስሏቸው ፈለጉ፣ አጡ። ስም ስላልነበረው «የተርኪ ኤክስ በሽታ» አሉት፤ ኤክስ ማለት ያልታወቀ ማለት ነው። ኋላ ላይ በሽታው የገባባቸውን እርባታዎች መኖ ሲመረምሩ አንድ የጋራ ነገር አገኙ፦ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ። በ1961 ፋጉሎው ላይ አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ እንደበቀለና መርዝ እንዳመነጨ ታወቀ። ከአስፐርጂለስ «አ»ን፣ ከፍላቨስ «ፍላ»ን ወስደው መርዙን አፍላቶክሲን ብለው ጠሩት።

ይህን ሳነብ በጣም የቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ሻጋታው ሲራገፍ መርዙ አብሮ አይራገፍም። በተለመደው መቁላትና መቀቀልም አይጠፋም። እኛ ግን ምን አደረግን? ሁለት አባላት በቆሎው መሻገቱን አይተው ነበር፤ አበጥረው፣ ቆልተው፣ «አሁን ጸድቷል» ብለው ሰጡ። ከሁሉም በላይ የደከሙት እነሱ ናቸው፤ ዶሮዎቻቸው ግን አልተረፉም። ሌላው ደግሞ አፍላቶክሲን በአንድ ጊዜ ባይገድልም የዶሮዋን የመከላከል አቅም ያዳክማል፤ የተከተበችም ዶሮ ክትባቱ እንደሚገባው ላይሠራላት ይችላል። ስለዚህ «ፈንግል ነው» ያልነውም «በቆሎው ነው» የተባለውም ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። በሒሳብ ቋንቋ አንዱ ዕዳ ሌላውን ወለደ።

ጉዳዩ የዶሮ ብቻ አይደለም። ይኸው መርዝ በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል። የተበከለ መኖ የበላች ላም በወተቷ ታስተላልፈዋለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባና አካባቢው በወተትና በላሞች መኖ ላይ የተደረገ ምርመራ ችግሩ እኛም ዘንድ እንዳለ አሳይቷል፤ ጣቱን በተለይ የቀሰረውም ወደ ኑግ ፋጉሎ ነው። ኑግ ፋጉሎ እኛም እንገዛለን፤ ጥሩ መኖ ነው፤ ክፋቱ አቀማመጡ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ይህኛውን ታሪክ ከሁሉም አብልጬ ወድጄዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የዛሬዋ ጃካርታ ባታቪያ ተብላ በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ ወታደሮችና እስረኞች ቤሪቤሪ በሚባል በሽታ እግራቸው እየሰለለ ይሞቱ ነበር። ክርስቲያን አይክማን የተባለ የሆላንድ ሐኪም በሽታው ከተሕዋስ የሚመጣ መስሎት በዶሮዎች ላይ ምርምር ያዘ። ከዕለታት አንድ ቀን ዶሮዎቹ በሙሉ እግራቸው ይዝል ጀመር፤ ለምርምሩ የተወጉትም፣ ምንም ያልተነኩትም። ሐኪሙ ምክንያቱን ሳያገኝ ወራት አለፉ፤ ከዚያ ደግሞ ዶሮዎቹ በራሳቸው ጊዜ ዳኑ።

የሆነው እንዲህ ነው። የዶሮዎቹ ጠባቂ ወጪ ለመቆጠብ ብሎ ከወታደራዊው ሆስፒታል ወጥ ቤት የተረፈ የተቀቀለ ነጭ ሩዝ ያበላቸው ነበር። በመሐል ወጥ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ተተካ። አዲሱ ወጥ ሠሪ «የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም» ብሎ ከለከለ። ጠባቂው ግድ ሆኖበት ያልተፈተገ ተራ ሩዝ ገዛ፤ ዶሮዎቹም ተነሡ። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና ያንን ወጥ ሠሪ አደንቀዋለሁ። ንብረት ከበጀት በጀት እንዳይዘዋወር ሲከላከል፣ ሳያውቀው በሕክምና ታሪክ ውስጥ ገባ። ስሙን ግን ማንም አልጻፈውም።

አይክማን ነገሩ ከሩዙ ገለባ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ላይ መሆኑን አስተዋለ። አዶልፍ ፎርደርማን የተባለ የጤና ተቆጣጣሪ ደግሞ በጃቫ መቶ ያህል እስር ቤቶችን መርምሮ፣ ነጭ ሩዝ በሚበላባቸው ቤሪቤሪ እጅግ እንደሚበዛ አረጋገጠ። አይክማን ራሱ መጀመሪያ የገመተው ነጩ ሩዝ መርዝ እንዳለውና ሽፋኑ ማርከሻ እንደሆነ ነበር። የተካው ኸሪት ኸራይንስ ነው እ.ኤ.አ. በ1901 ነገሩን ያቃናው፤ መርዝ አልነበረም፣ የጎደለ ነገር ነበር። ዛሬ ያንን የጎደለውን ቫይታሚን ቢ1 እንለዋለን። አይክማን በ1929 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ዶሮዎቹ ምን እንዳገኙ አልተጻፈም።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ፎገራ የሩዝ አገር ከሆነ ቆይቷል፤ ብዙዎቻችን ከዚያ የሚመጣ ስባሪ ሩዝ ለዶሮ እንገዛለን። ስባሪ ሩዝ አይጎዳም፤ እሱን ብቻ መስጠት ግን የባታቪያውን ጠባቂ ስሕተት መድገም ነው። ፉሩሽካው ወይም የሩዙ ብናኝ አብሮ ይግባ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የሩዝ ፉሩሽካ ዘይት ስላለው ቶሎ ይበላሻል፤ ወር የሚያቆይ አትግዙ። ከዳቦ ቤት የሚወጣ ነጭ ዳቦም እንደዚሁ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ መኖ አይሆንም፤ ከሻገተ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ታሪክ ይመልሰናል።

ጎመንም የራሱ ታሪክ አለው። ሄንሪክ ዳም የተባለ የኮፐንሃገን ተመራማሪ ስብ የወጣለት መኖ የሚመገቡ ጫጩቶች ከቆዳቸው ሥር ደም ሲፈስሳቸውና ደማቸው አልረጋ ሲል አየ። ያዳናቸው አረንጓዴ ቅጠልና ጉበት ውስጥ ያለ ነገር ነበር። በ1935 ቫይታሚን ኬ ብሎ ሰየመው፤ በ1943 የኖቤል ሽልማትን ተካፈለበት። አያቴ ይህን ሁሉ ሳይሰሙ የጎመኑን ውጫዊ ቅጠልና የሰላጣውን ጫፍ ለዶሮ ይወረውሩ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ ዶሮ እንግዳ ናት፤ ግን የቆየች እንግዳ። ዝርያዋ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ዶሮ ነው፤ መሬት እየጫረች ዘር፣ ትልና ቅጠል የምትለቅም። በትግራይ መዝብር በተባለ ከአክሱም መንግሥት የሚቀድም የገበሬ መንደር ውስጥ የተቆፈሩ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ገደማ የሚደርስ ዕድሜ ተገኝቶላቸዋል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ በአፍሪካ ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚ ተባሉ። የቤተ መንግሥት ሳይሆን የገበሬ ቤት ዶሮ መሆናቸው ደስ አሰኝቶኛል። ያኔም ጥሬ የምትበትንላቸው ሴት ነበረች ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ከዚያ ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት የሐበሻ ዶሮ ለራሷ ስትፈልግ ኖረች። ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማ፣ መላጣ እያልን በመልኳ እንጠራታለን። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ትንሽ ነው። ወጪዋም ትንሽ ነው፤ ከማጀት የተረፈና ከግቢ የተለቀመ። አያቴ የጨው፣ የቡናና የልጆች ደብተር ገንዘብ የሚያወጡት ከእንቁላሉ ነበር፤ ያቺ ገንዘብ አባወራው የማይጠይቅባት ነበረች። ምሰሶው ላይ በከሰል ጭረት እያደረጉ ስንት እንቁላል እንደተሸጠ፣ ስንት ለመታቀፍ እንደተቀመጠ ይይዙ ነበር። የመጀመሪያው የሒሳብ መዝገብ ያየሁት እዚያ ምሰሶ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአለማያና የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤቶች፣ በኋላም የደብረ ዘይት ምርምር ጣቢያ፣ እንደ ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ያሉ የፈረንጅ ዶሮዎችን አስገቡ፤ ዛሬ ደግሞ ሳሶና ቦቫንስ ብራውን በየሠፈሩ አሉ። እንቁላል ጣዮቹ በዓመት ከ250 በላይ ሊጥሉ ይችላሉ። እዚህ ላይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። እንዲህ ያለች ዶሮ በቀን ወደ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ በዓመት ወደ 44 ኪሎ። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ ወደ ሁለት ግራም ካልሲየም ይይዛል። በ250 አባዙት፦ ሁለት ኪሎ እንኳ የማትሞላ ዶሮ በዓመት ግማሽ ኪሎ ካልሲየም ታወጣለች! ከመኖው ካላገኘች ከአጥንቷ ትወስዳለች፤ ከካፒታል እየመነዘሩ መብላት የምንለው ነው። ቅርፊቱ የሳሳባት፣ እንቁላሏን ሰብራ መብላት የጀመረች ዶሮ ካለቻችሁ በመጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። የእንቁላል ቅርፊት አድርቆና ደህና አድርጎ ፈጭቶ መልሶ መስጠት ነው። ሳይፈጩ መስጠት እንቁላል መብላትን ያስተምራታል። ደቃቅ ጠጠርም አትንፈጓት፤ ጥርስ ስለሌላት ጥሬውን የምትፈጨው በሆዷ ባለው ጠጠር ነው።

አባላት ከበቆሎው በኋላ ፈርተው «ታዲያ ምን እናብላ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ ያነበብኩትንና ከሐኪሙ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ንጹሕ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ፉሩሽካ፣ ያልሻገተ ኑግ ፋጉሎ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ ከነፍሬው፣ ደረቅ እንጀራ፤ ይህ ሁሉ ደህና ነው። የወጥ ትራፊ ላይ ግን አስቡበት። በርበሬው ምንም አይላትም፤ ወፎች ሰውን የሚያቃጥለውን የበርበሬ ንጥረ ነገር እንደኛ አይሰሙትም፤ በርበሬ ቀይ ልብሱን ለብሶ የሚጠብቀው ወፍ ዘሩን እንዲበትንለት ይመስለኛል። የሚጎዳት ጨው ነው፤ ጫጩት ደግሞ በጥቂቱም ይጎዳል። የበዛ ሽንኩርትም ደሟን ያሳንሳል።

ከጭማቂ ቤቶች በነፃ የሚሰጠውን የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ግን ለዶሮ አታምጡ። ነፃ ነገር መውደዴን ታውቃላችሁ፤ ይህን ግን እኔም አልወስድም። አቮካዶ ውስጥ ፐርሲን የተባለ ነገር አለ፤ የወፎችን ልብ ይጎዳል፤ ልጣጩና ፍሬው ላይ ይበረታል። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ወይም ያቆጠቆጠ ድንችም መርዝ አለው። ጥሬ ቦሎቄ አይሰጥም፤ በደንብ ከፈላ ግን ይበላል። የጉሎ ፍሬ ከግቢያችሁ ቢኖር አጥሩለት። የቡና አተላም ለጽጌረዳው እንጂ ለዶሮዋ አይሆንም።

ጓያን ለብቻው ላንሣው፤ ለእኛ አካባቢ ሰው የቅርብ ቁስል ነውና። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ጓያ አብዝቶ የበላ ብዙ ሰው እግሩ ሽባ ሆኗል። የአያቴ ወንድም በሁለት ምርኩዝ ይሄዱ እንደነበር አስታውሳለሁ። የሚያስገርመው ይህን መርዝ በ1964 እ.ኤ.አ. ለይተው ያወጡት የሕንድ ተመራማሪዎች ጉዳቱን ያዩት የአንድ ቀን ጫጩቶች ላይ ነው። ጫጩቶቹ አንገታቸው ተጠምዝዞ እግራቸው ሲከዳቸው መርዙ ይኸው ነው ተባለ። ስለዚህ «ለሰው ካልሆነ ለዶሮ ይሁን» ብሎ ጓያ ማዝራት አያዋጣም፤ በተለይ ለጫጩት።

ስለ ጠባያቸውም አንድ ነገር ልጨምር። ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የሚባል ኖርዌያዊ ከልጅነቱ ጀምሮ የቤታቸውን ዶሮዎች እየተከታተለ ማን ማንን እንደምትነክስ በደብተር ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳተመው ጥናት ዶሮዎች እንደ ሹመት ያለ ቅደም ተከተል እንዳላቸው ለዓለም አሳወቀ። የበላይዋ ሁሉንም ትነክሳለች፤ የመጨረሻዋን ሁሉም ይነክሷታል። ይህ ለወሬ ብቻ አይደለም፤ መኖው በአንድ ዕቃ ከቀረበ የመጨረሻዋ ጾሟን ታድራለች። አንዲት አባላችን «ይህች ዶሮዬ ትበላለች፣ ግን አትወፍርም» ስትለኝ ሄጄ አየሁ፤ ጭራሽ አትበላም ነበር። ሁለት ዕቃ ራቅ ራቅ አድርገን ስናስቀምጥ በሁለት ሳምንት ላባዋ አማረ። አዲስ ዶሮ ስታስገቡም ማታ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ አስገቧት፤ ጨለማ ውስጥ ብዙም ስለማያዩ ጠቡ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይቀርም።

የምትታቀፍ ዶሮንም በውኃ መንከር፣ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል የለመድን አለን። አያቴ ለጎረቤት ያውሷት ነበር፤ ቤቷ ሲለወጥባት መታቀፉን ትተዋለች ይሉ ነበር። ይህ ከመንከሩ ይሻላል፤ ጎረቤት ካለ።

አሁን መኖ ስንገዛ ሦስት ሰው ይሄዳል። ከጆንያው አናት ብቻ ሳይሆን ከመሐሉና ከሥሩ ይዘገናል። ፍሬው በጥርስ ይሞከራል፤ ቀጭ ካላለ አልደረቀም። ይህንም ያስተማሩን አያቴ ናቸው፤ በቆሎውን ቆጥ ሥር ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ክረምት ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያቆይ አንገዛም፤ በኩንታል ትንሽ ያስወድዳል፤ ልዩነቱን «የመኖ ጥንቃቄ» በሚል ርዕስ እየመዘገብኩ ነው።

የአምናውን ኪሳራ በተመለከተ ጠቅላላ ጉባኤው ግማሹ ከመጠባበቂያው እንዲሸፈን፣ ቀሪው የብድር መመለሻ ጊዜ እንዲራዘም ወስኗል። እኔ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ጠይቄ ነበር፤ ሰብሳቢያችን «ቁጭ በዪና ጻፊልን» አሉኝ። አሥራ ሁለቱ አባላት ከፍለው ጨርሰዋል። ሁለቱ፣ እነዚያ በቆሎውን አበጥረው ቆልተው የሰጡት፣ እስከ ጥር ይከፍላሉ። ያቺን የሐምሌዋን መስመር ከመዝገቡ አልሰረዝኳትም፤ ሒሳብ አይሰረዝም፤ ከጎኗ በቀይ ማስተካከያ ጽፌባታለሁ።